ትራማዶልን ቀስ ብሎ ማቆም፦ ለታማሚውም ለአስታማሚውም

ወንድም ጋሼ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ከደብረ ብርሃን ደሴ ጭነት ሲያመላልስ ነው የኖረው። ወገቡን ታመመና ዲስክ ነው ተባለ። ትራማዶል የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት። የሁለት ሳምንት መድኃኒት ነበር፤ ስምንት ወር ሞላው። በቀን ሁለት ፍሬ የጀመረው ስድስት ደረሰ። እሱን ካልዋጠ መሪ መያዝ አይችልም ነበር።

አንድ ቀን «በቃኝ» ብሎ ካርቶኑን ወረወረና ጸበል ገባ። በሁለተኛው ሌሊት ተደወለልኝ። ስደርስ ያዛጋል። ባዛጋ ቁጥር እንባው ዱብ ዱብ ይላል። አፍንጫው እንደ ጉንፋን ይፈስሳል። ክንዱን ስነካው ቆዳው ላባዋ እንደተነጨ ዶሮ ሆኗል። እግሩ አላርፍ ብሎት ግድግዳውን ይረግጣል። አጠገቡ ያሉት «ሊለቀው ሲል ነው፣ አይዞሽ» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ሲነጋ ጤና ጣቢያ ወሰድነው። ነርሷ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችን። «ምን መድኃኒት ነበር የሚወስደው? መቼ አቆመ?»

ይህን የምጽፈው እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ቀድሞ የሚጠይቀን ሰው ስላልነበረ ነው። የምጽፈው ስለ ትራማዶል ቢሆንም ነገሩ ከዚያው ወገን ለሆኑት ማስታገሻዎች፣ ለኮዴይን፣ ለፔቲዲንና ለሞርፊንም ይሠራል። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አስታማሚ ነኝ። እዚህ ያለው ሁሉ ከሐኪም ጋር ሆናችሁ የምታደርጉት ነው።

ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

የጫትና የሲጋራ ሀራራ እናውቃለን። ይህም ሀራራ ነው፤ ግን ጠንከር ይላል። አእምሯችን ሕመም የሚያበርድ የራሱ ቅመም አለው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚገቡት በዚያው በር ነው። ለወራት ከውጭ ሲመጣለት ሰውነት በዚያው ልክ ራሱን ያስተካክላል። መድኃኒቱ ድንገት ሲቀር ታፍኖ የቆየው ሁሉ በአንዴ ይነሳል። ሆድ ያደርቅ ነበር፤ አሁን ተቅማጥ ይመጣል። ያስተኛ ነበር፤ አሁን እንቅልፍ እምቢ ይላል። ሕመም ይደብቅ ነበር፤ አሁን ጸጉር እንኳ የሚያም ይመስላል።

ትራማዶል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው። ስሜትን የሚቆጣጠሩ ሌሎች ቅመሞችንም ይነካል። ስለዚህ አንዳንድ ሰው ሲያቆም ድንጋጤ ይይዘዋል፤ ግራ ይጋባል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ገላውን ኤሌክትሪክ የነዘረው ያህል ይሰማዋል። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ «አበደ» ወይም «ያዘው» ይላል።

ሀራራው የሚጀምረው የመጨረሻዋ ፍሬ ከተዋጠች ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይከፋል። ከዚያ ይረግባል። አብዛኛው ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ያልፋል። ቀስ እያለ የሚሟሟው ዓይነት ኪኒን ከሆነ ዘግይቶ ይጀምራል፣ ይረዝማልም። እንቅልፍና ስሜት ግን ለሳምንታት ሊጎተቱ ይችላሉ።

ይህ የሚደርሰው መጥፎ ሰው ስለሆነ አይደለም። ሐኪም እንዳዘዘለት የወሰደም ሰው ይደርስበታል። ቤት ውስጥ «ሱሰኛ» የሚለው ቃል ከወጣ ታማሚው መደበቅ ይጀምራል። የሚደበቅ ሰው ደግሞ አይድንም። ቃሉን ከቤታችሁ አውጡት።

1. ከመነካቱ በፊት፦ ቤት የማይሞከረው የትኛው ነው?

ይህን ክፍል ሳትዘሉ አንብቡት።

እርጉዝ ከሆናችሁ ራሳችሁ አታቁሙ። ሆድ ውስጥ ያለው ልጅም መድኃኒቱን ለምዷል። ድንገት ሲቋረጥ ጽንሱ ሊወርድ ወይም ያለጊዜው ሊወለድ ይችላል። ለሐኪሙ በግልጽ ንገሩ። የምትወልዱበት ጤና ተቋምም ይወቅ፤ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ክትትል ያስፈልገዋል።

ከማስታገሻው ጋር ዲያዜፓም የሚባለውን የጭንቀትና የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስድ ወይም በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው ሁሉንም በአንዴ መተው የለበትም። የዲያዜፓምና የአልኮል ሀራራ የሚጥል በሽታ ያመጣል፤ ይገድላልም። በእኛ አገር አረቄ እንደ ውኃ ነው፤ ስለዚህ «ትንሽ ነው የምጠጣው» ብላችሁ ከሐኪሙ አትደብቁ።

ከዚህ በፊት የሚጥል በሽታ የነበረበት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ የሚያውቅ፣ በመርፌ የሚወስድ፣ በቀን ከ400 ሚሊግራም ትራማዶል በላይ የሚወስድ ሰውም ሆስፒታል ይሂድ። 400 ሚሊግራም ማለት ባለ 50ዋ ካፕሱል ስምንት ፍሬ ነው። ከዚያ በላይ ትራማዶል ራሱ እንደ ሚጥል በሽታ የማንቀጥቀጥ አደጋው ይጨምራል። አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን የሚባሉትን የድብርት መድኃኒቶች አብሮ የሚወስድም እንዲሁ ይንገር።

የካንሰር ሕመምተኛ ደግሞ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። ለእሱ ሞርፊን ትክክለኛ መድኃኒት ነው። «ሱስ ይሆንብሃል» ብላችሁ አታስፈራሩት፤ በሥቃይ እንዲያድር አትፍረዱበት።

2. ቁጥሩን ጻፉ

ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ለሦስት ቀን ብቻ ጻፉ። ስንት ፍሬ፣ ባለ ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት። ወንድም ጋሼ «አራት ነው የምውጠው» ይለኝ ነበር። ስንጽፈው ስድስት ሆነ። ሊዋሸኝ አይደለም፤ ሌሊት የሚውጣትን አይቆጥራትም ነበር።

የመድኃኒቱን ማሸጊያ አትጣሉ፤ ይዛችሁ ሂዱ። ሌሎች መድኃኒቶቻችሁንም በአንድ ፌስታል ሰብስቡ።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ከኪሳችሁ ልትከፍሉ ትችላላችሁ። ሆስፒታል ስትደርሱ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ቢሏችሁ አትደንግጡ። ሀራራን በማስታመም የሠለጠኑት እዚያ ናቸው። ከበድ ያለ ከሆነ አዲስ አበባ ወደ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊጽፉላችሁ ይችላሉ። ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ሩቅ አይደለም።

3. በማርሽ መውረድ

ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀነስ ሲለን ወንድም ጋሼ ገና ሳይጨርስ ገባው። «እታለም፣ ይሄ ጣርማ በር ነው» አለኝ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬን ብቻ ረግጦ አይወርድም። ፍሬኑ ይግላል፣ ይከዳል። ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ በቀስታ ነው የሚወረደው። ጸበል ቦታ ያደረገው ነገር በፍሬን መውረድ ነበር።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለሳምንታት ወይም ለተወሰኑ ወራት ለወሰደ ሰው በየሳምንቱ ከመነሻው መጠን አሥር በመቶ ያህል ይቀነሳል። ከዓመት በላይ ለወሰደ ሰው አሥር በመቶው በየወሩ ይሆናል፤ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ካፕሱል ግን አይከፈልም። ስለዚህ በተግባር አንድ ፍሬ ቀንሶ ሰውነት እስኪለምድ መጠበቅ ነው።

የእኛ እንዲህ ነበር። ከስድስት ፍሬ ወደ አምስት ወረድን፤ አምስት ላይ ሁለት ሳምንት። አራት ላይ ሁለት ሳምንት። ሦስት ላይ ሁለት ሳምንት። ሁለት ላይ ሦስት ሳምንት፣ አንድ ላይ ሦስት ሳምንት። በድምሩ 12 ሳምንት። መጨረሻ ላይ የዘገየነው በምክንያት ነው። ከስድስት አንድ መቀነስ ትንሽ ነው፤ ከሁለት አንድ መቀነስ ግን ግማሹን መቀነስ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፤ «አንዷማ ምን ታደርጋለች» ብሎ ይቸኩላል። የእናንተን ስሌት ሐኪማችሁ ያውጣው፤ የእኛን እንዳለ አትቅዱ።

መጀመሪያ የቀን ፍሬዎች ይቀነሱ፣ የማታዋ መጨረሻ ትቅር። እንቅልፍ የሚያገኝ ሰው ቀኑን ይችለዋል።

አንዱ ደረጃ ከከበደ እዚያው ቆዩ። አንድ ሳምንት ጨምሩ። ወደ ላይ መመለስ ግን ልማድ እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ቀስ እያለ የሚሟሟውን ኪኒን ደግሞ በፍጹም አትስበሩ፣ አትፍጩ። የሙሉ ቀኑ መጠን በአንዴ ደም ውስጥ ይገባል።

4. መድኃኒቱን ማን ይያዝ?

እኔ ያዝኩ። ሰባት የክብሪት ቀፎ ሰብስቤ በእስክርቢቶ ሰኞ፣ ማክሰኞ እያልኩ ጻፍኩባቸው። እሁድ ማታ አብረን እየቆጠርን እንሞላለን። የቀረው ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል። ጠዋት የዕለቱን ቀፎ እሰጠዋለሁ። «እንደ ልጅ ትቆጥሪብኛለሽ» ብሎ የተቆጣበት ቀን ነበር። አልመለስኩለትም። በሦስተኛው ሳምንት ቀፎውን ራሱ መጠየቅ ጀመረ፤ ባዶውን መልሶ ሲሰጠኝ ደስ ይለው ነበር።

ከሌላ መድኃኒት ቤት በድብቅ መግዛት አንድ ጊዜ ከተጀመረ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል። ይህን ገና ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

5. ሌሊቱን ማለፍ

ቀስ ብላችሁም ብትወርዱ መጠነኛ ሀራራ ይኖራል። አንድ ፍሬ በተቀነሰ ቁጥር ከሁለት እስከ አራት ቀን ይረብሻል።

ደብረ ብርሃን ሌሊቱ ውርጭ ነው። ሀራራ ያለበት ሰው ደግሞ አንዴ ይንቀጠቀጣል፣ አንዴ በላብ ይጠመቃል። መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ከባድ የመንዝ ባና በላይ በላዩ መደረብ ነበር። ላቡ ይነክረዋል፤ ከዚያ ሲገልጠው ብርዱ አጥንቱ ድረስ ይገባል። በኋላ ዘዴው ገባኝ። ከሥር ቀጭን የጥጥ ነጠላ፤ ላብ ይመጥጣል። ከላይ ባና። አጠገቡ ደረቅ ካናቴራና ሁለተኛ ነጠላ ተዘጋጅቶ ያድራል። ሌሊት ተነስቶ ሸሚዝ ለመቀየር መብራት ማብራት እንኳ አያስፈልገውም።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ላላችሁ ጣጣው ሌላ ነው። ቆላው ራሱ ያልባል። ተቅማጥ ሲጨመርበት ውኃ ቶሎ ያልቃል። ከቀትር ፀሐይ ራቁ፣ ቶሎ ቶሎ ጠጡ።

እግር አላርፍ ሲል መተኛት አይቻልም፤ መታገልም አያዋጣም። ተነሱና ክፍል ውስጥ ተመላለሱ። እግርን በሞቀ ውኃ መዘፍዘፍ፣ ባትን ማሸት ያግዛል። እኔ በሳፋ ሙቅ ውኃ አቀርብለትና ባቱን እስኪቀላ አሸው ነበር። ሃያ ደቂቃ እንቅልፍ ታመጣለች። ያቺ ሃያ ደቂቃ ቀላል አይደለችም።

ለእንቅልፍ ብላችሁ አረቄ አትስጡ። ጎረቤት በቅንነት «አንድ መለኪያ ስጭው፣ ይተኛል» ይላል። አረቄና ትራማዶል አብረው ትንፋሽ ያዳክማሉ። ጫትም ሌሊቱን ያረዝመዋል። ቡና ጠዋት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ይቅር።

6. ሆድ

ተቅማጥና ማስመለስ ሲመጣ ትልቁ ጠላት የውኃ ማለቅ ነው። ኦአርኤስ የሚባለው የጨውና የስኳር ዱቄት አንዱ እሽግ በአንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ይበጠበጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል። ከሌለ አንድ ሊትር ንጹህ ውኃ፣ በሻይ ማንኪያ ልክ ልኩን ስድስት ስኳር፣ ግማሽ ጨው። ጨው አታብዙ። የሚያስመልስ ሰው በአንዴ አይጨልጠው፤ በየሁለትና ሦስት ደቂቃው አንድ አንድ ጉንጭ ይበቃዋል።

ምግብ አታስገድዱ። የገብስ አጥሚት፣ ቀጠን ያለ ሾርባ፣ ሙዝ፣ ትንሽ በሶ። ወንድም ጋሼ ሦስት ቀን በአጥሚት ብቻ ነው ያለፈው። ቅመምና ቅባት የበዛበት ወጥ ለሳምንቱ ይቆይ።

ሎፐራማይድ የሚባለው የተቅማጥ ኪኒን ይረዳል፤ ግን በታዘዘው ልክ ብቻ። ሲበዛ ልብ ያውካል። ደም ያለበት ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ካለ አትውሰዱት። ሀራራው በርትቶ ላብና መቁነጥነጡ ከጠና ሐኪሙ ክሎኒዲን ሊያዝ ይችላል። እሱ ደም ግፊት ስለሚያወርድ ሳይለካ አይወሰድም፤ ከአልጋም ቀስ ተብሎ ነው የሚነሱት።

ጾምን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ሕመምተኛ መሆናችሁን ንገሯቸው።

7. ዋናው ሕመምስ?

ወገቡ አሁንም አለ። እንዲያውም መጠን በተቀነሰ ቁጥር ለጥቂት ቀን ይብሳል። ይህን ያላወቀ ሰው «ያለ ትራማዶል መኖር አልችልም» ብሎ ይደመድማል። ሲቆይ ይረግባል፤ ቀናት ስጡት።

ፓራሲታሞል ለብዙዎች ይሆናል። ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ ሁለት ፍሬ በየስድስት ሰዓቱ፤ በቀን ከስምንት ፍሬ አይበልጥም። ጉበቱን የታመመ ወይም በየቀኑ የሚጠጣ ሰው ከዚህ ያነሰ ነው የሚያስፈልገው፤ ይጠይቅ። አንዳንዱ የኮዴይን ኪኒን ውስጡ ፓራሲታሞል አለው፤ ደርባችሁ እንዳትወስዱ ማሸጊያውን አንብቡ። አይቡፕሮፌን ከምግብ በኋላ ይወሰዳል። የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባቸውና ለእርጉዝ አይሆንም።

ከኪኒን ውጭ ያለውን አትናቁ። በፎጣ የተጠቀለለ የሞቀ ውኃ ጠርሙስ ወገብ ላይ ማድረግ፣ በየቀኑ ትንሽ መራመድ፣ ከተገኘ ፊዚዮቴራፒ። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ አስፋልቱ ነበር የሚሄደው። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ እንወጣለን። የሚነዳ ሰው ደግሞ ይህን ጊዜ መሪ አይያዝ። ወንድም ጋሼ መኪናውን ለባለንብረቱ መልሶ ነው የጀመረው። ገንዘቡ ጎድቶናል፤ ግን ጣርማ በር ላይ ከሚያንቀላፋ ሹፌር ይሻላል።

8. ጸበል የምትሄዱ ከሆነ

ሸንኮራ ዮሐንስም ሂዱ፣ ጻድቃኔ ማርያምም ሂዱ። እኛም እንሄዳለን። ግን መድኃኒቱን ይዛችሁ፣ በስሌቱ መሠረት እየዋጣችሁ። እዚያ ላሉት አባቶች ምን እየቀነሳችሁ እንደሆነ ቀድማችሁ ንገሩ። ሀራራ ቢነሳ ምን እንደሆነ እንዲያውቁ ነው። አብሯችሁ የሚያድር ሰውም ይኑር። ብርዱ ላይ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያስመልስ ሰው ቀዝቃዛ ጸበል ከመጠመቁ በፊት ኦአርኤሱን ይጠጣ፣ ይሙቀው፣ ይረጋጋ።

9. ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት

የወረዳችሁን አምቡላንስ ስልክ ከጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ተቀብላችሁ ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ።

እንደ ሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው፣ ውኃ እንኳ ካልረጋለት፣ ሽንቱ ከጠፋ፣ ደም ካስመለሰ፣ ደረቱን ካመመው፣ ግራ ከተጋባ ወይም የሌለ ነገር ካየ ጊዜ አትፍጁ። «መኖር ሰልችቶኛል» ካለ በቀልድ አትለፉት። በቀጥታ ጠይቁት። ብቻውን አታሳድሩት፤ ኪኒን፣ የተባይ መድኃኒትና ገመድ ከአጠገቡ አርቁ፤ ሐኪም ጋ ይዛችሁት ሂዱ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። ሰውየው ካቆመ በኋላ ነው። ከጥቂት ቀናትና ሳምንታት በኋላ ሰውነቱ መልመዱን ይረሳል። ያን ጊዜ አንድ ክፉ ቀን መጥቶ የድሮውን ስድስት ፍሬ በአንዴ ቢውጥ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ቢቀሰቅሱት የማይነቃ፣ ትንፋሹ የዘገየ ወይም የሚያንኮራፋ፣ ከንፈሩ የጠቆረ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ የጠበበ ሰው እንቅልፍ ላይ አይደለም። እየተነፈሰ ከሆነ በጎኑ አስተኙት፣ አምቡላንስ ጥሩ፣ ብቻውን አትተዉት፣ ምንም አታጠጡት። ማሸጊያውን ይዛችሁ ምን እንደዋጠ ሳትደብቁ ተናገሩ። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ መርፌ አለ፤ ባለሙያዎቹ የሚሰጡት ምን እንደሆነ ካወቁ ነው።

10. ካለቀ በኋላ

የመጨረሻዋን ፍሬ የዋጠ ዕለት ምንም አልተለየም። ድካሙና መደበቱ ግን ቆየ። ለአንድ ወር ያህል ምንም ደስ የማይለው ሰው ሆነ። ቡና ሲፈላ እንኳ ተነስቶ ይሄዳል። ይህ የተለመደ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ ከጸናና ከከበደ ግን ሐኪም ይየው፤ ድብርት ይታከማል። ለእሱ የጠቀመው ሥራ ነበር። አጎታችን ግቢ ገብሱን ሲያበጥሩ ቁጭ ብሎ ማገዝ ጀመረ፤ ከዚያ ሰው ማናገር፣ ከዚያ መሳቅ።

ወደፊት ለጥርስም ሆነ ለስብራት ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ከዚህ በፊት ትራማዶል ለምዶብኝ ነበር» በሉ። ሌላ ያዝዙላችኋል፤ የግድ ከሆነም ለጥቂት ቀን ብቻ።

ሳጥኑ ውስጥ አራት ፍሬ ተርፎ ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ለራስ ምታት «አንዷን ስጭኝ» አሉኝ። ፓራሲታሞል ሰጠኋቸው። አራቱን በማግስቱ መድኃኒት ቤት ወስጄ መለስኩ። ወንድም ጋሼ አብሮኝ ሄደ፤ በእግሩ።